«አንድምታ»፦ ቃሉን ከሥሩ ለመረዳት፣ መጻሕፍቱን ለማንበብና በጽሑፍ ውስጥ በትክክል ለመጠቀም

በዛሬው አማርኛ «አንድምታ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ጉባኤ ነው፤ በዚያ አንድምታ ማለት የግእዙን ንባብ በአማርኛ እያፍታቱ የሚተረጉሙበት ስልት፣ በዚሁ ስልት የተዘጋጁት መጻሕፍትም ስም ነው። ሁለተኛው ጋዜጣው፣ ጥናታዊ ጽሑፉና የስብሰባ አዳራሹ ነው፤ በዚያ ደግሞ «የውሳኔው ፖለቲካዊ አንድምታ» ሲባል እንደምንሰማው፣ በግልጽ ያልተነገረ ነገር ግን ከተነገረው ወይም ከተደረገው ሊወጣ የሚችል ትርጉም ማለት ሆኗል። ሁለቱ አገባቦች የተራራቁ ቢመስሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሥሩን ያላወቀ ሰው በአንደኛው ቤት ሲያነብ፣ በሌላኛውም ሲጽፍ ይሳሳታል።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድምታ መጽሐፍ ገልጬ ሳነብ «አንድም» የሚለውን ቃል እንደ «ወይም» ቆጥሬው ነበር። አንድ ንባብ ሦስት ጊዜ «አንድም» እየተባለ ሲተረጎም ባየሁ ቁጥር ተርጓሚዎቹ እርግጠኛ ያልሆኑ መሰለኝና የመጨረሻውን ትርጓሜ ብቻ እንደ መልስ እየያዝኩ አለፍኩ። ያ አነባበብ ብዙ አሳጥቶኛል። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ሌላ አንባቢ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

1. ቃሉን ከሥሩ ይያዙ

«አንድምታ» የተገኘው «አንድም» ከሚለው ቃል ላይ «ታ» ተጨምሮ ነው። ይህች «ታ» በአማርኛ ንግግርን ወይም ድምፅን ወደ ስም የምትለውጥ ቅጥያ ናት፤ «ዝም» ካልነው «ዝምታ»፣ «እፎይ» ካልነው «እፎይታ»፣ «ይሁን» ካልነው «ይሁንታ»፣ «አዎን» ካልነው «አዎንታ» ይወጣል። ይሁንታ «ይሁን» ማለት፣ አዎንታ «አዎን» ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ አንድምታም «አንድም» ማለት፣ «አንድም» እያሉ መተርጎም ነው። ስሙ የመጣው መምህሩ በወንበሩ ላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከሚያሰማት ቃል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ስልቱ በራሱ ድምፅ ተሰየመ።

እንግዲህ ቁልፉ «አንድም» ነው። ይህ ቃል በተራው አማርኛ ከአንድ በላይ ሥራ አለው። ከአሉታ ጋር ሲገባ፣ «አንድም ሰው አልመጣም» እንደሚባለው፣ ፈጽሞ አለመኖርን ያሳያል። ተደጋግሞ ሲገባ ደግሞ፣ «የቀረው አንድም በሕመም፣ አንድም በሐዘን ነው» እንደሚባለው፣ ምክንያቶችን ይደረድራል። በዕለት ንግግር ይህ ድርደራ አንዳንድ ጊዜ ከሁለት አንዱን መምረጥን ሊያመለክት ይችላል፤ በመጻሕፍት ጉባኤ ግን ሥራው መደመር ነው። «ሻይ ወይም ቡና» የተባለ እንግዳ አንዱን ይመርጣል፣ ሌላው ይቀርበታል። «አንድም» የተባለ አድማጭ ግን የመጀመሪያውን ትርጓሜ ሳይለቅ ሁለተኛውን ይቀበላል። ሦስተኛው ሲመጣም የፊተኞቹ ሁለቱ በቦታቸው አሉ። የቃሉ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከማለፍዎ በፊት ይህን ልዩነት በደንብ ይያዙት።

2. ከጎረቤት ቃላት ይለዩት

ጽሑፍን ስለ መተርጎም የሚናገሩ የአማርኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሲደባለቁም ይታያል። «ትርጉም» አንድ ቃል ወይም ንግግር የያዘው ሐሳብ ነው፤ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መመለስንም ይገልጻል። «ትርጓሜ» ሐሳቡን የማውጣት ሥራና የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ቃሉ ከግእዝ «ተርጐመ» የወጣ ሲሆን በዓረብኛም በአራማይስጥም ዘመድ አለው። «ፍቺ» ከመፍታት የመጣ ነው፤ የታሰረውን፣ የተቋጠረውን መፍታት ስለሆነ ለእንቆቅልሽ፣ ለሕልምና ለከባድ ቃል ይስማማል። «ሐተታ» ሐተተ፣ መረመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የተወለደ ነው፤ ጥያቄ እያነሡ ምክንያትን መፈለግ ማለት ነው። «ፍካሬ» ደግሞ በግእዝ ትርጓሜን፣ ምሥጢር መግለጥን ያመለክታል፤ በግእዙ ዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር አርእስት «ፍካሬ ዘጻድቃን ወዘኃጥኣን» የሚል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያይ «ፉከራ» ወደ አእምሮው ሊመጣ ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል።

አንድምታ ከእነዚህ የሚለይበት ነጥብ ብዛትን በውስጡ መያዙ ነው። ትርጉም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ፍቺም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፣ እንቆቅልሽ ሁለት መልስ ከኖረው ጨዋታው ይፈርሳልና። ሕጉን ብንመለከት ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሚሰጠው «የሕገ መንግሥት ትርጓሜ» ይባላል፤ «የሕገ መንግሥት አንድምታ» ግን አይባልም። ምክንያቱም ከምክር ቤቱ የሚጠበቀው ክርክሩን የሚዘጋ አንድ አሳሪ ትርጓሜ ነው። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ «ይህ ትርጓሜ ለክልሎች ምን አንድምታ አለው?» ብሎ መጠየቅ ግን ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ ሊታዩ የሚችሉ ብዙ መልኮች አሉና።

3. የአንድምታውን ገጽ አደረጃጀት ይወቁ

የአንድምታ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነው። ደቀ መዝሙሩ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ካለፈ በኋላ መጻሕፍት ቤት ይገባል። በዚያ አንዱ ንባቡን በግእዝ ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ከጉባኤው በኋላ ተማሪዎቹ የሰሙትን እርስ በርስ እየተሰማሙ ይከልሱታል። ትምህርቱ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፦ ብሉይ ኪዳን፣ ሐዲስ ኪዳን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። በጎንደር ዘመን «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ቤቶች የታወቁ ሲሆን የታች ቤቱ ትውፊት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይያያዛል። በኋላ ትምህርቱ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ፤ የአራቱ ወንጌላት አንድምታ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የታተመው ገጽ በወረቀት ላይ የተቀመጠ ንግግር ነው፤ አጭር፣ ጥያቄና መልስ የተሞላበት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሚያልፍ ነው። እንደ ዛሬ መጽሐፍ በዝምታ በዐይን ብቻ ከተነበበ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት፤ ጥያቄው በጠያቂ፣ መልሱ በመላሽ ድምፅ ሲሰማ ብዙው ግርታ ይጠፋል።

በገጹ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የግእዙ ንባብ ነው። ቀጥሎ ነጠላ ትርጓሜው፣ ማለትም ቃል በቃል የተመለሰው አማርኛ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመከታተል የሚከተሉትን የመንገድ ምልክቶች ማወቅ ይበቃል። «ሲል ነው» የሚለው፣ ተናጋሪው ያሰበውን ለመግለጥ ይገባል። «ምነው ቢሉ» ወይም «ስለምን ቢሉ» የሚለው፣ ከአድማጭ ሊነሣ የሚችለውን ጥያቄ መምህሩ ራሱ አንሥቶ የሚመልስበት ነው። «እንዲል» የሚለው ከፊቱ ያለው ጥቅስ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ምስክር መሆኑን ይናገራል፤ ጥቅሱ አብዛኛውን ጊዜ በግእዝ ስለሚሆን ጀማሪ አንባቢ የሚደናቀፍበት ቦታ ይህ ነው። «ሐተታ» የሚል ሲያዩ ምርመራ፣ «ታሪክ» የሚል ሲያዩ ትረካ እንደሚመጣ ይጠብቁ። «አንድም» ሲያዩ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ አዲሱ ትርጓሜ የሚነሣው ከየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ይለዩ። ይህ የመጨረሻው ምክር ከሁሉም ይበልጣል፤ «አንድም» አንዳንድ ጊዜ የሚመለሰው ወደ ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ሳይሆን በመካከሉ ወዳለች አንዲት ቃል ነውና።

4. በአንድ ጥቅስ ይለማመዱ

ልምምዱን በሚታወቅ ንባብ መጀመር ይሻላል። የመጀመሪያው መዝሙር መነሻ እንዲህ ይላል፦

«ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን፤ ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን፤ ወዘኢነበረ ውስተ መንበረ መስተሳልቃን።»

ከዚህ በታች የማቀርበው ከታተመው መጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን፣ ስልቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እኔ ያዘጋጀሁት ልምምድ ነው። አንባቢም እንደ መምህራን ትርጓሜ እንዳይቆጥረው አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያ ነጠላውን ያውጡ። «በዝንጉዎች ምክር ያልሄደ፣ በኃጢአተኞች መንገድ ያልቆመ፣ በዋዘኞች ወንበር ያልተቀመጠ ሰው ንዑድ ክቡር ነው» ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ወጥመድ ናቸው። አንደኛው «ነበረ» ነው። በአማርኛ «ነበረ» ስንል ያለፈ ህልውናን ስለምናስብ «በወንበር ያልነበረ» ብለን ልናልፈው እንችላለን፤ በግእዝ ግን ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ሁለተኛው «ረሲዓን» ነው። ግሡ «ረስዐ» ረሳ፣ ዘነጋ ማለት ሲሆን፣ ረሲዕ ግን ዕቃ የረሳ ሰው ሳይሆን ፈጣሪውን የዘነጋ፣ ከሕግ የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት ሲገጥሙ የግእዝ መዝገበ ቃላት መግለጥ ግድ ይላል። በ1948 ዓ.ም. የታተመውና በደስታ ተክለ ወልድ ፈጻሚነት የወጣው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ለዚህ ዋና መሣሪያ ነው። ቃላቱ የተደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ፣ ያውም በየግሣቸው ሥር ስለሆነ፣ ፈላጊው መጀመሪያ የቃሉን ሥር ማውጣት አለበት፤ ይህን ሳያውቁ የሚፈልጉት ሁሉ «ቃሉ የለም» ብለው መጽሐፉን ይዘጉታል።

ቀጥሎ ሐተታውን ያንሡ። ሄደ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ ብሎ በዚህ ተራ ማስቀመጡ ስለምን ነው? መንገደኛ ሲሄድ ይመለሳል የሚል ተስፋ አለ። የቆመ ልቡ ከቦታው ጋር ተያይዟል፤ የተቀመጠ ግን ቤቱን ሠርቷል። ስለዚህ ንባቡ ክፋት ደረጃ በደረጃ እንደሚጸና ያሳያል ማለት ይቻላል።

አሁን «አንድም» ይበሉ። ሦስቱን ሰው በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ከሚፈጽማቸው ጋር ማገናኘት ይቻላል፦ ምክር የሐሳብ ነው፣ መንገድ የሥራ ነው፣ ማላገጥ የአንደበት ነው። እንደገና አንድም፣ «መንበር» በሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል። በእኛ ጉባኤ ቤት ወንበር መዘርጋት ማለት ማስተማር ነው፤ እንግዲያስ በዋዘኞች ወንበር የሚቀመጥ ሰው ራሱ ማላገጡ አንሶት ሌላውን ለማላገጥ የሚያሠለጥን፣ የዋዛ መምህር የሆነ ነው።

ሦስቱንም አብረው ይያዙና ጥቅሱን እንደገና ያንብቡት። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አላፈረሰም፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን አላስቀረም። ሰውየው እየሄደ፣ እየቆመ፣ እየተቀመጠ ሲጸና ሐሳቡም፣ ሥራውም፣ አንደበቱም ተከታትለው ይያዛሉ፤ በመጨረሻም ለሌላው መምህር ይሆናል። በአንድ ንባብ ውስጥ ይህን ሁሉ አብሮ ማየት የስልቱ ፍሬ ነው።

ሁለተኛ ልምምድ ለሚፈልግ ሰው «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው ጥሩ ነው። እጅ መዘርጋት ለጸሎት ይሆናል፤ እጅ መንሻ ለማቅረብም ይሆናል፤ እጅ ለመስጠት፣ ለመገዛትም ይሆናል። የዚህን ጥቅስ ቁጥር ሲፈልጉ ግን ይጠንቀቁ፦ በግእዙ ዳዊት መዝሙር 67 ቁጥር 31 ሲሆን፣ የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉ እትሞች ግን መዝሙር 68 ነው። የአንድምታው መጽሐፍ የግእዙን ቁጥር ስለሚከተል፣ በሌላ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው መዝሙራት ላይ በአንድ ይስታል።

5. ክሩን ሳይበጥሱ ይከተሉ

አንድ ታሪክ ወይም ምሳሌ ከአንድ ጥቅስ አልፎ ሲረዝም የአንድምታው ሥራ ከባድ ይሆናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙት ሰው፣ በነጠላው፣ በመንገድ የተደበደበ መንገደኛ ነው፤ ትምህርቱም «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በሰፊው በሚሰበከው ምሥጢራዊ ትርጓሜ ደግሞ ያ ሰው አዳም ነው። እንዲህ ከተባለ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይሰለፋል፦ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ አይተውት ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ኦሪትና ነቢያት፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ይሆናሉ።

ስለዚህ በረጅም ንባብ ላይ ሲሠሩ ትርጓሜዎቹን እንደ ክር ይቁጠሯቸው። የመጀመሪያው ክር ነጠላው ነው፣ ሁለተኛው ምሥጢራዊው። ሰውየውን በሁለተኛው ክር አዳም ብሎ የጀመረ፣ ማረፊያው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ክር ዘሎ «ማረፊያ ማለት ሆቴል ነው፣ ቱሪዝምን ያመለክታል» ቢል ትርጓሜው ይበጠሳል። ብዙ ስብከቶች የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትርጓሜዎቹ ትክክል ሆነው ሳለ ክሮቹ ይምታታሉ። ወረቀት ላይ ሁለት ዐምድ አስምረው፣ በአንዱ የነጠላውን፣ በሌላው የምሥጢሩን እየጻፉ ቢሄዱ ክፍተቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል። በአንዱ ዐምድ የሚሞላ አጥተው ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ባዶውን ይተዉት፤ በግድ የተሞላ ቦታ የሞላውንም ያበላሻል።

6. ወሰኑን ይጠብቁ

«አንድም» ማለት የፈለጉትን ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ አሁን አሁን «ይህ የእኔ አንድምታ ነው» እየተባለ ንባቡ የማይሸከመው ሐሳብ ሲጫንበት ስለማይ ነው። በጉባኤ ቤት አንድ ትርጓሜ የሚቆመው በሦስት ምሰሶዎች ነው። የንባቡ ቃልና ሰዋስው ሊሸከመው ይገባል። ከሌላ መጽሐፍ «እንዲል» የሚባልለት ምስክር ሊኖረው ይገባል። ከሁሉም በላይ ከመምህር የተሰማ፣ መምህሩም ከመምህሩ የሰማው ሊሆን ይገባል። በመሆኑም ከላይ በመዝሙሩ ላይ እንዳደረግሁት ዓይነት የግል ሙከራ ስልቱን ለመልመድ ይጠቅም እንጂ የአንድምታ ትርጓሜ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። በመጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው አንድ መምህር ፈልጎ፣ ቢያንስ የከበዱትን ቦታዎች ቢጠይቅ መልካም ነው፤ በውጭ አገር የሚኖር ሰውም በአጥቢያው ካሉ ካህናት መካከል መጻሕፍት ቤት የቆየ ማን እንደሆነ ቢጠይቅ አይጎዳም።

7. በዘመናዊው ጽሑፍ ውስጥ በትክክል ይጠቀሙበት

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንሻገር። በጋዜጣና በጥናት ቋንቋ «አንድምታ» ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛውን «ኢምፕሊኬሽን» እንዲተካ ይገባል። ይህ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ቆንጆ ምርጫ ነው። በግልጽ ከተነገረው በስተጀርባ ሊነበብ የሚችል፣ ያውም ከአንድ በላይ ሊሆን የሚችል ትርጉም በአማርኛ ስም ካስፈለገው ከዚህ የተሻለ አላውቅለትም። ችግሩ ቃሉ «ተጽዕኖ»፣ «ውጤት»፣ «መዘዝ» እና «ፋይዳ» በሚባሉት ቃላት ቦታ ሁሉ እየገባ መዋሉ ነው።

መለያው ቀላል ነው። በጻፉት ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አንድምታ»ን አውጥተው «ተጽዕኖ» ወይም «ውጤት» ያስገቡ። ምንም ካልጎደለ መጀመሪያውንም የሚያስፈልግዎ እሱ ነበር። «የነዳጅ ዋጋ ጭማሪው በትራንስፖርት ላይ አንድምታ አሳድሯል» የሚለውን እንውሰድ። ታሪፍ ጨመረ፣ ተሳፋሪ ተቸገረ፤ ይህ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ስለሆነ «ተጽዕኖ አሳድሯል» ይበቃዋል። በሌላ በኩል «ሚኒስትሩ ስለ ድርድሩ አንድም ቃል ሳይናገሩ መውጣታቸው የራሱ አንድምታ አለው» ቢባል ቃሉ በቦታው ነው። ዝምታው አንድም አለመስማማትን፣ አንድም ጥንቃቄን፣ አንድም ገና ያላለቀ ነገር መኖሩን ሊናገር ይችላል፤ «ተጽዕኖ አለው» ብንል ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ግዴታ አለ፦ «አንድምታ አለው» ብለው ከጻፉ አንድምታውን ይዘርዝሩ። «ጉዳዩ ትልቅ አንድምታ አለው» ብሎ ነጥብ ማስቀመጥ፣ መምህር «አንድም» ብሎ ጀምሮ ዝም እንደማለት ነው።

ስለ አገባቡም ጥቂት ልጨምር። አንድምታ ይኖራል፣ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይመረመራል፣ ይብራራል፤ ግን አይደርስም፣ አይከሰትም፣ አይፈጸምም። «በሕዝቡ ላይ አሉታዊ አንድምታ ደረሰ» የሚለው አነጋገር ጉዳትንና ትርጉምን ያምታታል፤ «ጉዳት ደረሰ» ማለት ይገባል። ብዛቱ «አንድምታዎች» ነው። ከፊቱ ቅጽል ሲመጣ «ሕጋዊ አንድምታ»፣ «ታሪካዊ አንድምታ» ይባላል። አጻጻፉን በተመለከተ «እንድምታ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ቃሉ ከ«አንድም» የመጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ፊደል «አ» ነው። ሥሩን የያዘ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም።

8. ሲጠቅሱ የጠቀሱትን ይለዩ

የአንድምታ መጽሐፍን በስብከት፣ በጥናት ወይም በመጣጥፍ ውስጥ የሚጠቅስ ሰው አንባቢውን ሊያሳስት የሚችለው ከሦስት ትርጓሜዎች አንዱን ወስዶ «አንድምታው እንዲህ ይላል» በማለት ነው። አንድምታው እንዲያ ብቻ አላለም። ስለዚህ አንዱን ብቻ መጥቀስ ካስፈለገ «ከትርጓሜዎቹ አንዱ» ወይም «በሁለተኛው አንድም» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ የቀሩትም መኖራቸው በአንድ ሐረግ ቢነገር አንባቢው ወደ መጽሐፉ ሄዶ ይፈልጋቸዋል። ነጠላውን ከሐተታው መለየትም ያስፈልጋል፤ ነጠላው የንባቡ ቃል ሲሆን ሐተታው የመምህራኑ ምርመራ ነው። በመካከል የሚገባው የግእዝ ጥቅስ የሌላ መጽሐፍ ቃል ስለሆነ በሚተረጎመው ንባብ ስም መጠቀስ የለበትም። የመዝሙር ቁጥር ሲሰጥ የግእዙ ወይስ የሌላው እትም ቁጥር እንደሆነ ይገለጽ፤ የመጽሐፉ የኅትመት ዓመትም አብሮ ይጻፍ።